ዋርዱን ብቻቸውን የተረከቡት ሲስተር ዶርካስ አኮት

ሲስተር ዶርካስ አኮት ከአባታቸው ከአቶ ኤሊያኪም ራቡኦርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳሎሜ አዶንጎ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1959 በምዕራብ ኬንያ፣ በያላ ወንዝ ዳር ባለች መንደር ተወለዱ። ዝናብ እየወረደ ስለተወለዱ አኮት ተባሉ። ጸባያቸው ግን ከስማቸው ጋር አይሄድም ነበር፤ ደረቅና ቆጣ ያሉ እህት ነበሩን።

ትምህርታቸውን በመንደራቸውና በኪሱሙ ተከታትለው በ1978 በሆስፒታል ሥር ያለ ነርስ ማሠልጠኛ ገቡ። በዚያን ጊዜ የሆስፒታሉ ሜትሮን፣ የነርሶቹ ሁሉ አለቃ፣ የማሠልጠኛውም ኃላፊ ነበሩ። የተማሪ ጥፍር ያያሉ፣ አንሶላ ያስነጥፋሉ፣ ቁስል ሲያጥቡ ተማሪውን አጠገባቸው ያቆማሉ። ሲስተር ዶርካስ ከእኚህ ሴት የተማሩት አንድ ሕግ ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም፦ ነርስ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ በሽተኛውን በስሙ ጠርታ፣ ለተረኛዋ ሳታስረክብ ከዋርድ አትወጣም።

በ1983 ከአቶ ጆአብ ኦጎላ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ዓሣ ነጋዴ የነበሩት አቶ ጆአብ፣ "ሚስቴን ለማየት የግድ መታመም አለብኝ" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። በ2009 አርፈዋል።

ሲስተር ዶርካስ በአዋላጅነት፣ ከ1990 ጀምሮ በመምህርነት፣ ከ2004 ጀምሮ በሜትሮንነት በዚያው ሆስፒታል አገለገሉ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ማሠልጠኛው ከሆስፒታሉ ተለይቶ ኮሌጅ ሆነ፤ ተማሪው በአሻንጉሊት መለማመድ ጀመረ። እርሳቸውም የነርሲንግ ሥራ አስኪያጅ ተብለው ፎቅ ላይ ቢሮ ተሰጣቸው፤ በሽተኛ መንካት ሥራዎ አይደለም ተባሉ። እኛ እንኳን ደስ ያለዎት ብንላቸው፣ "ከበሽተኛ አፋትተው ከስብሰባ ጋር አጋቡኝ" አሉን።

በ2017 ነርሶች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ፣ በማዋለጃ ክፍል የነበሩት ተረኞች የእርሳቸው ተማሪዎች ነበሩ። እናቶቹን የሚረከባቸው ሰው ስላልነበረ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ሲስተር ዶርካስ ከፎቅ ወርደው፣ "ለእኔ አስረክቡና ሂዱ። ጥያቄያችሁ ልክ ነው፤ እዚህ ቆማችሁ አታልቅሱብኝ" አሏቸው። ከአልጋ አልጋ እየዞሩ እናቶቹን ሁሉ በየስማቸው ተረከቡ።

አድማው ወራት ፈጀ። ብቻቸውን አዋለዱ፣ አጠቡ፣ ገነዙ። ሁለት እናቶች በአንድ ጊዜ ሲያጣጥሩባቸው ወደ አንዷ ሮጡ፤ ሌላዋ፣ ሚሊሰንት የምትባል ወጣት፣ ከነልጇ ሞተች። አስተዳደሩ የአድመኞቹን ስም ስጡን ቢላቸው እምቢ አሉ። አድመኞቹ ደግሞ ዋርዱን ክፍት አድርገው አዳከሙን ብለው ተቀየሟቸው። ከሁለት ያጣ ሆኑ።

አድማው ያበቃ ዕለት ነጭ ዩኒፎርማቸውን ተኩሰው ለብሰው፣ ለማስረከብ የመጀመሪያው አልጋ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። ራሳቸው ያስተማሯት የአድማው መሪ ሲስተር ፌቤ አዎር ግን፣ "እርስዎ አሠሪ ነዎት፤ ከአሠሪ ርክክብ የለም" ብላ አለፈቻቸው። ሌሎቹም ተከተሏት። ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ "ዋርዱን ማንም አልተረከበኝም፤ ሚሊሰንት እስካሁን በእጄ ናት" ይሉን ነበር። 

ኩላሊታቸው ታሞ በዚያው ሆስፒታል ተኙ። አሁን ርክክቡ የሚደረገው በር አጠገብ፣ ኮምፒውተሩ ዘንድ ነው። "አልጋዬ ድረስ መጥታችሁ ተረከቡኝ" ብለው ለመኑ። ለዚያ ሁሉ በሽተኛ ሁለት ብቻ የነበሩት ወጣት ነርሶች፣ "ጊዜ የለንም፣ ሲስተር" አሏቸው። ሰኔ 11 ቀን 2024፣ ተረኞቹ ኮምፒውተሩ ዘንድ ሲነጋገሩ፣ አጠገባቸው ማንም ሳይኖር ዐረፉ። አንዋሽም፣ በጣም አዝነናል፤ ተቆጥተናልም።

ሁለት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። የሹመት ምልክቱ ከትከሻው ተነቅሎ፣ በነጭ ዩኒፎርማቸው እንዲቀበሩ አዘዋል፤ እንዳዘዙት አልብሰናቸዋል።

ሲስተር ፌቤና ባልደረቦችሽ፣ ይህ ሲታተም ለቀብሩ መምጣታችሁን አናውቅም። ከመጣችሁ ግን፣ ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት እኛ ወንድሞቻቸው ገለል እንልላችኋለን። አጠገባቸው ቁሙ፣ በስማቸው ጥሯቸው፣ ከእኛ ተረከቧቸው። ሚሊሰንትንም ከእጃቸው ውሰዱላቸው። ከእናንተ ደግሞ እግዚአብሔር ይረከባቸው።