እማዬ ስትስቅ የሰማሽበት ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ተነስቶ ካለሽበት ይድረስ። እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽን ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጆቹስ? የትልቁ ድምፅ መጎርነኑን በስልክ ሰምቼ ነበር፤ ይሄኔ የአባቱን ቁመት ደርሶበት ይሆናል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። “ደህና ነን” ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ቃሉ እንደ ድሮው ከእጄ አልወጣ ሲለኝ ተውኩት።

ከእማዬ ቀብር ወዲህ ስደውል አታነሺም። አልተቀየምኩሽም፣ አንጀትሽ አርሮ ነው። መጨረሻ ላይ ያልሽኝን ግን እንደ እሾህ ይዤው እዞራለሁ። “እኔ ስደውል ትስቅ ነበር! የሚስቅ ሰው በዚያው ሳምንት ይሞታል? ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?” ብለሽ ዘጋሽብኝ። ብታነሺም ሁለታችን እንላቀሳለን እንጂ አንነጋገርም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያሳላት እማዬን ነው። እሷ ከለቅሶ ቤት ይዛው ትምጣ፣ እኔ ከምሠራበት ዳቦ ቤት ላምጣው፣ ባለቤቴ ልብስ ልታሰፋ ከመጣች ደንበኛ ትያዘው፣ የሚያውቅ የለም፤ እኛም መመራመሩን ትተነዋል። ሳሉ ደረቅ ነበር፣ ባዶ በርሜል ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። በማግስቱ ባለቤቴን ወገቧን ቆረጣት፤ እኔንም ትኩሳቱ አጋደመኝ። አጥንቴ ውስጥ ሰው የሚመላለስ ይመስለኝ ነበር። እማዬን በጓሮ በኩል ካለው ክፍል ለብቻዋ አስተኛናት፤ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀልን፤ ትንሽ የቻለው ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ምግብ ያደርስላት ጀመር። መጀመሪያ ጊዜ እንደዚያ ተሸፍኜ ስገባ ከላይ እስከ ታች አየችኝና “ልትዘርፈኝ ነው? ከፍራሹ ሥር ምንም የለም፤ ሌላ ቤት ሞክር” አለችኝ።

በቤቱ ጣዕም የሚያውቅ ጠፋ። ባለቤቴ ሾርባ ሠርታ ጨው አልሰማት ሲል ደገመችበት፤ አሁንም አልሰማት ሲል ሠለሰችበት። እኔ ስጠጣው ሙቅ ውሃ ነው። እማዬም ቀምሳ “የድስቱን እጣቢ ነው እንዴ ያመጣችሁልኝ?” አለች። ያልታመመችው ትንሿ ልጃችን ብቻ ነበረችና አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ ከትታ ስትጮህ ሦስታችንም በያለንበት ሳቅን። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም አልቆም አለ። ቤቱ በሦስት ድምፅ ሲያስል ልጅቷ ማንኪያውን እንደያዘች መሐል ላይ ቆማ ታዳምጠን ነበር። ያን ዓይኗን አልረሳውም።

አንቺ የደወልሽው እሑድ ነው። እትዬ፣ ያ ሳቅ እውነተኛ ነበር። ትኩሳቷ በርዶላት፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ልጅ ሆነሽ የጎረቤት አውራ ዶሮ አባሮሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቀሽ እንቅልፍ የወሰደሽን አንስታ፣ ሰፈሩ ሁሉ አንቺን ፍለጋ ሲተራመስ እንደነበር እየነገረችሽ፣ ስልኩን ከጆሮዋ እያራቀች ትስቅ ነበር። እኔም ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ “ተመስገን፣ አለፈላት” አልኩ። ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት አሁን ዓይኔን ስጨፍን ይመጣብኛል። በየሁለት ቃሉ መሐል ትንፋሽ ትሰርቅ ነበር። ትከሻዋ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ከንፈሯ የእስክሪብቶ ቀለም የነካው መስሎ ነበር፤ እኔ የመጋረጃው ጥላ መሰለኝ።

ስልኩን ዘግታ ጠራችኝና “ለአባትህ ወንበር አምጣለት እንጂ፤ ቆሞ እግሩ ዛለ” አለችኝ። አባታችን ከሞተ ስንት ዘመኑ! እንደ ልማዷ እየቀለደች መስሎኝ ፊቷን አየሁት። የቀልድ ፊት አልነበረም፤ ያላሰበችው እንግዳ ሲመጣባት እንደምትሆነው ሽኩርምም ብላለች። ምን ላድርግ? ወንበር አምጥቼ ከግርጌዋ፣ ዓይኗ በተተከለበት በኩል አስቀመጥኩ። “እንዲህ ነው እንጂ” አለች። እኔም ሳላስበው “አባዬ፣ ተቀመጥ” ስል የገዛ ድምፄን ሰማሁት።

ሮጬ ወጥቼ ጎረቤታችንን፣ ነርሷን ጠራኋት። ጣት ላይ የሚሰካውን ትንሽ መሣሪያ አደረገችላት። ቁጥሩን አየችና ነቅላ በሌላ ጣቷ ሞከረች። ከዚያ ወደ ደጅ አወጣችኝና “ይህን ቁጥር ይዞ የሚያወራ ሰው አይቼ አላውቅም። አየር አልቆባታል፤ ሰውነቷ ግን አልነገራትም” አለችኝ። ይህ በሽታ አንዳንዱን እንዲህ ያደርገዋል አሉ፤ ሰውየው እየሰጠመ መስጠሙን አያውቅም። እማዬ አልዋሸችሽም እትዬ። እኛም አልዋሸንሽም። ሁላችንንም አንድ ላይ የዋሸን በሽታው ነው።

አምቡላንሱ ሲመጣ በእግሯ ሄዳ ገባች፤ ደግፉኝ እንኳ አላለችም። ከራስ እስከ እግራቸው በፕላስቲክ የተጠቀለሉትን ሁለት ወጣቶች “እናንተ ልጆች፣ በዚህ ሙቀት አትታፈኑም?” ብላ አዘነችላቸው። እኔን አላስገቡኝም። ማክሰኞ አንዷ የሆስፒታሉ ነርስ አዝና ስልኩን እማዬ ጆሮ ላይ አደረገችልኝ፤ የማሽን ትንፋሽ እንጂ መልስ አልነበረም። አንቺ እንደምትወጃት ነገርኳት። ሰምታ እንደሆነ አላውቅም። ረቡዕ ጠዋት ደወሉልን። ፊቷን አላየንም፤ ከሩቅ ቆመን ነው የተሰናበትናት። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ ቤቱ እስካሁን ሞቷን አላመነም።

ይኸውልሽ፣ በቀደም ባለቤቴ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ጫማ እየቀባሁ፣ ከጓሮው ክፍል ሳል ሰማን። የእማዬ የራሷ ሳል። ሁለት ጊዜ አስላ ጉሮሮዋን ጠረገች። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ባለቤቴና እኔ ተያየን፤ የሚነሳ ጠፋ። በኋላ እንደምንም ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ልጃችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ምን እያደረገች እንደሆነ ብጠይቃት “ቤቱ ዝም ሲል ያስፈራኛል” አለችኝ። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ ቁጣው አልመጣም። እውነቱን ልንገርሽ? “ድገሚው” ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። ትንፋሼ ደረጃ ስወጣ ከማጠሩ በቀር ደህና ነኝ፤ አፍንጫዬ ግን ከድቶኛል። ባለፈው ሳምንት ምድጃው ሙሉ ዳቦ ከሰል ሆኖ፣ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ነው የነቃሁት። አለቃችን ደግ ሰው ነው፤ ሳይቆጣ ወደ ሊጡ አዛወረኝ። ያን ቀን ቤት ስገባ የእማዬን ሻርፕ አወጣሁት። ሳናጥበው በፌስታል ቋጥረን ያስቀመጥነው ነው። ፊቴን ቀበርኩበት። ጨርቅ ነው እትዬ፣ ጨርቅ ብቻ። ልጄን አሽትታ እንድትነግረኝ መጠየቅ እችል ነበር፤ የለችበትም ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ። መልሼ ቋጥሬዋለሁ። ያንቺ ነው፤ ስትመጪ አንቺው ትፈቺዋለሽ። እስከዚያው ስልኩን አንሺልኝ። ሌላው ቢቀር ዝም ብለን እንያዘው።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቁን ትከሻውን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ በናፍቆት ሰላም ትልሻለች፤ ቀሚስሽን ሰፍታ ጨርሳለች፣ የቀረው ዘምዘማው ነው። ልጃችን ስሟን ራሷ ልጻፍ ብላ ከታች ያለው ጠማማ ፊደል የእሷ ነው። ከእሷ ስም በላይ የተሰረዘ መስመር ታያለሽ። እጄ ለምዶበት “እማዬም ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች” ብሎ ጽፎ ነው።

ወንድምሽ

ከእናታችን ቤት
የካቲት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.