ያልፈታሁት ቋጠሮ

የማህፀኔ ፍሬ፣ ፈጣሪ በምትሄጂበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። "እማዬ፣ መድኃኒቱ እንዴት አደረገሽ?" ማለትሽ አይቀርም። ከሦስተኛው ኬሞ በኋላ ውሃው እንኳ አፌ ላይ ብረት ብረት አለኝ፤ ፀጉሬም ትራሱ ላይ ቀረ። ዝንጅብል በፍል ውሃ ማቅለሽለሹን ያስታግስልኛል፤ ነርሷም ፈቅዳልኛለች። ጸሎቴን አላቋረጥኩም፤ ልቤን የሚያረጋጋው እሱ ነው።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ጎረቤታችን ባለሱቋ አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አምጥታ፣ "የቅጠል ዱቄት ነው፤ ጠዋት ጠዋት በማር ለውሰሽ ላሺው። ለሐኪሙ ግን እንዳትነግሪው" አለችኝ።

"ፈዋሽ ከሆነ ምን አስደበቀው?" ብላት፣ "አንቺ ደግሞ ጥላሽንም አታምኚም!" ብላ ሳቀች። ከማን እንዳመጣችው ስጠይቃት ወሬ ቀየረች።

ከሄደች በኋላ ቋጠሮው የታሰረበትን ክር ልብ ብዬ አየሁት። ሁለቴ ዞሮ በግራ በኩል የጠበቀ ነው። አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ ኖሬ ያንን አስተሳሰር ያስተማርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ባሕር ማዶ ናት።

አልተቆጣሁሽም፤ ጭንቀትሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ነርሷ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ከኬሞው ጋር ሊጣላ ይችላል ስላለችኝ፣ እንኳን ልቀምሰው ቋጠሮውንም አልፈታሁት።

በይ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ። ዱቄቱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ በራስሽ እጅ ጽፈሽ ላኪልኝ። ከቀጠሮዬ በፊት ከደረሰልኝ፣ ለሐኪሙ እኔው ራሴ አነብለታለሁ።