ወገቡ ላይ ስደርስ

ሐሙስ፣ መጋቢት 9 ቀን
ከስፌት ቤቱ

እታለም፣ የእኔ ቀብራራ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ቦት ጫማሽ ሥር ይነጠፍ። ጽሑፌን አይተሽ እንዳትስቂ። ዶሮ የጫረችው የሚመስለው በግራ እጄ ስለጻፍኩት ነው። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፤ ዘለሽ እንዳታነቢ፣ አውቅሻለሁ። በቀኝህም ብትጽፈው ያው ነበር ትይኛለሽ። ሰባተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩት እኮ በደንብ እንዲገባኝ ብዬ ነው።

ስልክ ላይ "አባዬን አቅርብልኝ" ባልሽ ቁጥር "ተኝቷል"፣ "ገላውን እየታጠበ ነው" እያልኩ ሦስት ሳምንት አታለልኩሽ። ባለፈው "ይኼ ሰውዬ ዓሣ ሆነ እንዴ?" ስትይኝ ሳቅኩ። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

የእኔንና የአባዬን ጨዋታ መቼም አትረሺውም። ሥራ ሲሰለቸን እሱ የስፌት መኪናው ላይ ድፍት ብሎ ይሞታል። እኔ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ የመጨረሻ ሱፉን እንለካለት እላለሁ። ትከሻ፣ እጅጌ፣ ደረት። ወገቡ ላይ ስደርስ አንድ ዓይኑን ገልጦ "አታጥብቀው፣ ምሳ አልበላሁም" ይላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ቆራጩም፣ ዘምዛሚዋም፣ ባለካውያውም በቃላቸው ያውቁታል። ደንበኛ ካለማ ይብስበታል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ረፋዱ ላይ አባዬ ድፍት አለ። ባለካውያው ዛሬ ደግሞ በጊዜ ሞቱ አለና ሳቅን። ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች አንዲት አዲስ ደንበኛ ብድግ ብላ፣ "ሰውዬው አሟቸው እንዳይሆን?" አለች።

"ቁጭ በይ እቴ፣ አሁን ይነሣሉ" አለቻት ዘምዛሚዋ።

ሴትዮዋ ዞር ዞር ብላ ፊታችንን አየች። ሁላችንም እንስቃለን። አፍራ ተቀመጠች።

እኔ ትከሻውን ለካሁ። እጅጌ ብዬ እጁን ሳነሣው ከበደኝ፤ ስለቀው ዱብ አለ። እታለም፣ እዚህ ጋ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ያኔ ገብቶኝ ነበር። ግን ቀና ብዬ እነሱን አየሁ፤ ይስቃሉ። ታዲያ ይኼ ሁሉ ሰው የሚስቀው ቢያውቅ ነው አልኩ። እነሱ ደግሞ የሚያዩት እኔን ነበር፤ ልጁ እየቀለደ ምን ሊሆኑ ነው ብለው። እኔ ስለቀለድኩ ሳቁ፣ እነሱ ስለሳቁ ቀለድኩ። ደረት አልኩ። ወገብ አልኩና ጠበቅኩ። ደግሜ ወገብ አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስል ካውያው ያረፈበት ሱሪ መቃጠሉ ሸተተን። ሳቁ የቆመው ያኔ ነው።

ከዚያም በኋላ ቢሆን እያንዳንዳችን ሌላው አምቡላንስ የጠራ መስሎን ቆመናል። የጠራችው ያቺ ባለቀሚሷ ናት።

ስትሮክ ነው አሉ። ተርፏል። ግን ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፣ ቃልም ከአፉ አይወጣም። ሐኪሙን ይሻለዋል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ "ቶሎ ብታመጡት ኖሮ..." ብሎ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ደግሜ አልጠየቅኩትም። አንቺም እኔን ሲያይ ይናገራል ብለሽ እንዳትመጪ። አልጋው አጠገብ ሆኜ ሜትሬን እዘረጋና ወገብ እለዋለሁ። ያየኛል። ማየት ብቻ።

አሁን ስለ ግራ እጄ። ሰኞ ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ላወርድ መሰላል ላይ ወጥቼ ወደቅኩ። የቀኝ ክንዴ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ወለሉ ላይ ተዘርሬ "የእውነቴን ነው" አልኩ። ማንም አልሳቀም። ማንም ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ቆራጩ ዘምዛሚዋን አየ፣ ዘምዛሚዋ ባለካውያውን አየች፣ እሱ ደግሞ መልሶ እኔን። የማን ፊት ቀድሞ እንደሚለወጥ ይጠብቃሉ። ያን አተያይ አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። ስለዚህ አልተቆጣሁም። መሰላሉን በግራ እጄ ይዤ ተነሣሁና ብቻዬን ሐኪም ቤት ሄድኩ።

እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልሽ፣ የእኔ እመቤት። መውደቅሽ ካልቀረም ጨዋታሽን የማያውቅ ሰው ፊት ያድርግልሽ።

ያ ቀልደኛው ወንድምሽ፣
በግራ እጁ