የቅዳሜው ዳቦ ቆሎሽ

ልጄ የሺወርቅ፣ የእናትሽ ዓለም፣

ጎሕ ሳይቀድ የዕድር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃችን ላይ ሲቆሙ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ከምትሠሪበት ጤና ጣቢያ ተልከሽ የልጆች ጥርስ ልትመረምሪ ሐይቁን በጀልባ ወደ ደልጊ ከተሻገርሽ ገና ሳምንትሽ ነበር። ወባ ነው አሉኝ። መቃብርሽም እዚያው ከሐይቁ ማዶ ሆነ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቀስ እያልሁ ነው የምጽፍልሽ።

አባትሽ ደኅና ናቸው፤ የስኳር በሽታው አልባሰባቸውም። ሳካሪን የምትሉት፣ በስኳር ፈንታ ሻይ ውስጥ የሚጨምሩት ኪኒን ግን ከጠፋ ቆየ።

ቀበሌ ሱቅ ስኳር የገባ ቀን የሰፈሩ ልጆች ከመዳፋቸው ሲልሱ ስታዪ ሆድሽ ይባባ ነበር። መንጋጋው ጠቁሮ የሚያለቅስ ልጅ ሲያመጡልሽ፣ እናቱ ትል በልቶት ነው ብትልሽ እንኳ አትስቂባትም፤ አጠገብሽ አስቀምጠሽ በትዕግሥት ታስረጃታለሽ። ልጅን ጣፋጭ አትብላ ማለት አትጫወት እንደ ማለት ነው ብለሽ፣ ከአባትሽ ኪኒን ለመንሽ። እሳቸውም "እኔ ሽማግሌው መራራ ሻይ አይገድለኝም፤ ለሕፃናቱ ይሁን" አሉ። በውሃ አሟምተሽ ዳቦ ቆሎ ሠራሽበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥርሱን በመፋቂያ አጽድቶ አፉን ያሳየሽ ልጅ ሁሉ እፍኝ ይዘግን ነበር። አንድ ቀን እኔ ላግዝሽ ብዬ ኪኒኑን እንደ ስኳር ጨመርሁት። መረረና ልጆቹ እንትፍ እንትፍ ሲሉ፣ "እማዬ፣ ይኸ እኮ በፍሬ ነው እንጂ በእፍኝ አይደለም!" ብለሽ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ።

ካረፍሽ ወዲህ ቅዳሜ በሬን ዘግቼ እውል ነበር። ሥራሽ አብሮሽ የተቀበረ መስሎኝ ነበር። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ የጎረቤታችን ትንሿ ልጅ መፋቂያዋን ይዛ መጣች።

"እማማ፣ እዪልኝ" አለችኝ።

"እኔ ምኑን አውቄው?" ብላት፣ "እትዬ የሺ እንዲህ ነበር የምታየው" ብላ እጄን ይዛ አገጯ ላይ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ይመጣሉ። የጠቆረ ጥርስ ያየሁበትን ልጅ ከነእናቱ ጤና ጣቢያ እወስዳለሁ፤ ጓደኞችሽም ሲያዩኝ ተነሥተው ይቀበሉኛል። ኪኒኑ ስለ ጠፋ፣ ዳቦ ቆሎውን አሁን በጥቁር አዝሙድና በጨው ነው የምሠራው። አንዱ ቀልደኛ "እማማ፣ ይኸ የንስሐ ነው እንዴ?" ይለኛል፤ ግን ኪሱን ሞልቶ ነው የሚሄደው። እኔ ያላስተማርኋቸውን አንቺ አስተምረሽልኝ ሄድሽ። ልጄ፣ ስንቱን ዘርተሽ ኖሯል!

ዓይኔ እስኪፈዝ ድረስ ቅዳሜሽ አይታጎልም።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እኔ የአንዲት እናት ድምፅ ነኝ፤ ለልጄ ብቻዬን አልበቃትም። በጸሎታችሁ አስቡልኝ። የሺወርቅ የቤት ስሟ ነው። በቅዳሴ ጊዜ በክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ብላችሁ ጥሩልኝ።