የምጽዋ ቋጠሮ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017

ከጋሽ ዘውዴ ጋር በጀልባቸው ከቶሮንቶ በጠዋት ተነስተን በሐይቁ ዳር ስንቀዝፍና ሸራ ስናወጣ ስናወርድ ውለን፣ ከሰዓት በኋላ የአንዲት ትንሽ ከተማ የጀልባ ማቆሚያ ገባን። ጋሽ ዘውዴ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የድሮ ባሕር ኃይል ናቸው። ልጃቸው ሶስና ጀልባዋን እንዲሸጡ ትፈልጋለች። «አባዬ ብቻውን መውጣት ይችል እንደሆነ አይተህ እውነቱን ንገረኝ» ያለችኝ እሷ ናት።

ስንደርስ ገመዱን እኔ አሰርኩ። ጋሽ ዘውዴ አይተው ሳቁ።

«ይሄ የበግ ማሰሪያ ነው። ጀልባዋን ለፋሲካ ነው የገዛሃት?»

ፈትተው ራሳቸው ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለቱንም ጊዜ ተሳሳቱ። ጣቶቻቸው ገመዱ ላይ ቆሙ። እኔ ውሃውን ማየት ጀመርኩ።

«ምጽዋ ዓይናችንን በጨርቅ ሸፍነው ነበር የሚያስተምሩን» አሉ።

«እንግዲያው ይጨፍኑ፣ ጋሼ።»

«ተው፣ አትቀልድ።»

ግን ጨፈኑ። እጃቸው ገመዱን አንዴ አዙሮ፣ በተፈጠረው ቀለበት አሳልፎ ሳበው። ካሰሩም በኋላ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቆዩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የአሠልጣኛቸውን ትእዛዝ ይሁን የጓደኞቻቸውን ስም፣ አልጠየቅኋቸውም።

ራት ሳንበላ ሶስና ኮል አደረገች።

«እንዴት ነው? ሴፍ ነው?»

ስልኩን እንደያዝኩ ሄጄ ቋጠሮውን ጎተትኩት። አልላላም።

«ዛሬ ጀልባዋን አስረዋታል» አልኳት።

ስለ ነገ አልጠየቀችኝም። እኔም ሁለቴ መሳሳታቸውን አልነገርኳትም።