የዳማው መኪና ቫልቮች

እኔ፣ በሠፈሩ «ቀስ በቀስ» በሚል ቅጽል የምጠራው የአሮጌ መኪኖች ሞተር አዳሽ፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ በወርክሾፑ የቆርቆሮ በር ስንጥቅ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ስትደርስ፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን በቦታው አለ። የሚጠራጠር ቢኖር ዓይኔን ጨፍኖ የፈለገውን የሞተር ዕቃ በእጄ ያስይዘኝ፤ ከነስሙ እነግረዋለሁ። ያስገደደኝ የለም፤ ያባበለኝም የለም። ልጄ «አባዬ፣ ምን አስቸኮለህ?» ብላ ተቆጥታኛለች። በዕድሜዬ ሙሉ ችኩል ስባል ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስ ብሎኛል።

አልጋዬን ከመኝታ ቤት አስወጥቼ ከዳማው መኪና አጠገብ ያስዘረጋሁት እኔው ነኝ። ዳማ ያልነው እንደ ፈረስ በቀይ ቡናማ መልኩ ነው። ከዚህ ተኝቼ ብርሃኑ በጎማ ክዳኑ፣ በፓራፋንጎው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አያለሁ፤ ብርሃኑ ሲወርድ እኔም አብሬው እወርዳለሁ፤ ሳልተኛ የማልምበት ጊዜ በዝቷል። ቢሆንም እዚህ የሚጻፈው ሁሉ ነቅቼ የተናገርኩት ነው።

የሚጽፈው ጎረቤቴ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ያልተናገርኩትን አሳምሮ እንዳይጨምር፣ የተነገረውንም ነውር ነው ብሎ እንዳያስቀር አስምዬዋለሁ። ምስክሮቼ ቀለም ቀቢዋ፣ ጎማ ጠጋኙ ወዳጄና ጸሐፊው ራሱ ናቸው። በአራተኛ ምስክርነት ታናሽ ወንድሜን አስጠርቻለሁ። «ችኩሌ» የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ልጄ ጡት ሳትጥል ጀምሮ ይህን ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ ለምስክርነት ሲባል ግን እንቢ አላለም። አሁን በሩ ጥግ ቆሟል። ወንበር ቢሰጠው «ቆሜ ይሻለኛል» ብሏል። ከእርሱ ጋር ሳልታረቅ መሞትን እፈራለሁ። ይህን ስናገር ጣራውን አየ። ይጻፍ።

አንደኛ። ቤቱና ወርክሾፑ የአንዲት ልጄ ናቸው። በሩን ጠዋት ጠዋት ትክፈተው፤ ዝገትና ሐሜት ዝግ ቤት ይወዳሉ። ጣራው በምሥራቁ ማዕዘን ያፈስሳል። ከሥሩ ያስቀመጥኩትን ባልዲ ጥገና ነው ብላ እንዳትቀበለኝ፤ ስንፍና ነው።

ሁለተኛ። መፍቻዎቼ ሁሉ የልጄ ናቸው። አማቼ አይቀየመኝ። እርሱ ደግ ሰው ነው፤ ብሎን ሲያጠብቅ ግን እስኪበጠስ ነው። በእጁ የሚይዘውን ሁሉ ይወዳልና አጥብቆ ይይዛል፤ ለሚስት ጥሩ ነው፣ ለብሎን አይሆንም። ለእርሱ ከአሮጌ መኪና የኋላ መቀመጫ የሠራሁትን ሶፋ ሰጥቼዋለሁ፤ የሚጠብቅ ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ቀለም ቀቢዋ «ለእኔስ ጋሼ? ያንን የቀለም መርጫ ቃል ገብተውልኝ አልነበር?» አለች። ጸሐፊው ቀና ብሎ «እትዬ፣ ምስክር አይወርስም። በምስክርነት የፈረመ እጁ ባዶ ነው» አላት።

«ወይ ጉዴ! ይህን ባውቅ አሞኛል ብዬ እቀር አልነበር?»

ሁላችንም ሳቅን፤ ከወንድሜ በቀር።

ሦስተኛ። የሰው ዕቃ በእጄ አለ። አልጋዬ ሥር የተቀመጠው የመኪና ማንሻ ክሪክ የጎማ ጠጋኙ ነው። ይህ ስጦታ ሳይሆን መመለስ ነውና ምስክርነቱን አያፈርስበትም። ጎማ ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ አየና «ኧረ አንተ ሰው! ጠፋ ብለኸኝ አብረን ስንፈልግ አልዋልንም?» አለኝ። ውለናል። መልካም ቀን ነበር፤ ክሪኩን ብሰጠው ኖሮ ሻዩን ጠጥቶ ይሄድ ነበር።

(እዚህ ላይ ተናዛዡ ጥቂት አንቀላፉ። ሲነቁ ያዩትን ሕልም እንድጽፍ አዘዙ። ለኑዛዜ አይሆንም ብላቸው «መሐላህስ?» አሉኝ። — ጸሐፊው)

ሚስቴን አየኋት። በሕይወት ሳለች ሞተር ሳስተካክል መሪው ጋ ተቀምጣ ነዳጅ የምትረግጥልኝ እርሷ ነበረች። «ልጨምር?» ትለኛለች፤ እኔ አንገቴን ከኮፈኑ ሥር ሳላወጣ «ቀስ» እላታለሁ። ትዳራችን ይኸው ነበር፤ ከዚህ የተሻለም አልፈልግም። በሕልሜ ዳማው በቤታችን ኮሪደር ላይ፣ ከመኝታ ቤቱ ወደ ወጥ ቤቱ፣ ኮሽታ ሳያሰማ ይሄድ ነበር፤ ግድግዳዎቹ ሸሸት እያሉ መንገድ ይለቁለታል። እርሷ እጇን በመስኮት አውጥታ ግድግዳውን በጣቶቿ ትዳስሳለች። «ልጨምር?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ለራሴ ይቅር። ናፍቃኛለች።

አራተኛ። ስለ ዳማው መኪና። ይህ አንቀጽ ይረዝማል፤ የደከመው ይቀመጥ።

አባታችን ሾፌር ነበር። ሲሞት ሁለት አንድ ዓይነት፣ ያኔም ያረጁ፣ ሁለቱም የማይነሡ መኪኖች ትቶልን ሄደ፤ ዳማው ለእኔ፣ ግራጫው ለወንድሜ። የሁለቱንም ሞተር በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ ፈታን። ለማያውቅ ወራሽ ልንገር፤ ቫልቭ ማለት ሞተር የሚተነፍስበት ትንሽ በር ነው። እያንዳንዱ በር ከገዛ ደፉ ጋር ተፋጭቶ፣ ተላምዶ የሚኖር ነው። መልካቸው አንድ ነው፤ የአንዱን ወስደህ ከሌላው ደፍ ብትገጥመው ግን ትንፋሽ ያፈስሳል። ስለዚህ በሥራችን ወግ ቫልቭ ሲወጣ በወጣበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደረደራል፤ ያንን ተራ የሚያናጋ ሰው አይወለድ እንላለን። የእኔን በአንድ ጨርቅ፣ የእርሱን በሌላ ጨርቅ ደርድረን ለአንድ ጉዳይ ወጣ አልን። ስንመለስ ሁሉም ተቀላቅለዋል።

በግምት ገጠምናቸው። ከዚያ ወዲህ ዳማው ጠዋት ጠዋት ያስለዋል፤ ግራጫው ደግሞ ዳገት ላይ ያፏጫል። እኔና ወንድሜም «አንተ ነህ»፣ «አንተ ነህ» እየተባባልን ነገሩ ከረረ፤ እርሱ ግራጫውን ይዞ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ነገር ግን እሑድ እሑድ ግራጫው በዚህ በር ያልፋል። ሳላየው አውቀዋለሁ። በሩ ፊት ለፊት ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል፤ አይቆምም። እኔም ተነሥቼ ከበሩ በስተጀርባ እቆማለሁ፤ አልከፍትም። ከዚያ ዳገቱ ላይ ፉጨቱ ይሰማኛል። ያ የሚያፏጨው የእኔ ቫልቭ ነው። ድምፁ ሲርቅ ቀኑን ሙሉ ቅዠት ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል፤ ምሳ ቀርቦ ሲበርድ ልጄ ታውቃለች።

ወንድሜ «መንገዴ ስለሆነ ነው የማልፈው» አለ።

ጎማ ጠጋኙ «ቤትህ ከተማው ማዶ አይደል እንዴ? የምን መንገድ ነው?» አለው።

«አቋራጭ ነው።»

«በዳገት?»

ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ይጻፍ።

እንግዲህ እንዲህ አዝዣለሁ፦ ከቀብሬ በኋላ የዳማው ሞተር ይከፈት፤ ከውስጡ የወንድሜ የሆኑት ቫልቮች በባለሙያ ተለይተው ይመለሱለት። ለመቀላቀላቸው ጥፋተኛው ግን ወንድሜ መሆኑ ይታወቅ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል፤ ጨርቁን ሳይሸፍን የወጣው እርሱ ነው።

«ሐሰት ነው!» አለ ወንድሜ፤ ከበሩ ጥግ ተነቅሎ መጣ። «መጨረሻ የወጡት እርስዎ ነዎት! ይሰረዝ!» እርስዎ ነው የሚለኝ፤ እንደ ባዳ።

ጸሐፊው «ተናዛዡ ካላሉ አልሰርዝም» አለው።

«እንግዲያው ብዕሩን አምጣ። በምስክርነት ልፈርምና ልሂድ። የፈረመ እጁ ባዶ ነው አይደል ያልከው? ጥሩ። ቫልቩም ይቅርብኝ፤ ምንም አልፈልግም።»

ብዕሩን ነጠቀው። እጁ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ፈራሁ። ይህም ይጻፍ፤ ፈራሁ። አንድ ፊርማ ቢያኖር ከእኔ ምንም ነገር ሳይቀበል ሊወጣ ነው፤ እኔም ለሌላ እሑድ የምደርስ አይመስለኝም።

«ቆይ» አልኩት። «ጥፋተኛ የሚለው ይሰረዝ። የአንተም አይደለም፤ የእኔም አይደለም። የማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።»

«እሷን አታንሳ» አለኝ ቀስ ብሎ።

አነሣኋት። እናታችን ነበረች። ከቤት ወጥታ፣ በጥላሸት የጠቆሩትን ቫልቮች አይታ፣ ሁሉንም በአንድ ሳፋ ሰብስባ በሳሙና አጠበቻቸው። በሽርጧ አንድ በአንድ አደረቀቻቸውና ከሁሉ የሚያበራውን በፊት አድርጋ ደረደረቻቸው። ስንገባ ፊቷ በርቶ «እዩልኝ፣ እንዴት እንዳማረባቸው!» አለችን።

«እንደሱ አላለችም» አለ ወንድሜ። ብዕሩ እጁ ላይ ቆሟል። «‹እጃችሁ እንዳይቆሽሽ አጠብኩላችሁ› ነው ያለችው።»

እውነቱን ነው። እንደዚያ ነው ያለችው። እኛም ቫልቮቹን አየን፣ እርስ በርስ ተያየን፣ ከዚያ «እግዜር ይስጥልን እማዬ» አልናት። ሌላ ምን ይባላል? እስክትሞት ድረስ አልነገርናትም። እርሷን መውቀስ ስላልሆነልን ግን እኔ እርሱን ወቀስኩ፤ እርሱም እኔን። ቁጣው መሄጃ ፈልጎ ነበር።

(እዚህ ላይ ቀለም ቀቢዋ ውኃ ላምጣ ብላ ወጥታ፣ ውኃ ሳትይዝ ተመለሰች። — ጸሐፊው)

ወንድሜ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ሞተሩን አታስከፍተው፣ ጋሼ» አለኝ።

ጋሼ አለኝ። ይህን ቃል ከአፉ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ዳማው ለአፍታ የሚሄድ መሰለኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«ይህን ሁሉ ዘመን ከሰው ደፍ ጋር ሲፋጩ ኖረዋል፤ ከበቂ በላይ ተላምደዋል። አሁን ለባለቤቱ ይመለስ ብትል ሁለቱም መኪኖች ዳግመኛ ያፈስሳሉ። ግራጫው የሚያፏጨውም በቫልቭ አይደለም። ጭስ ማውጫው ተሰንጥቆ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። አሮጌ ሞተር አዳሽ ነኝ፤ ይህ እንዴት ይጠፋኛል? ከእርሱ አፍ መስማት ፈልጌ ነው። «ታዲያ ለምን አላስበየድከውም?»

«ካላፏጨ በምን ታውቀኛለህ?» አለኝ።

ስለዚህ አራተኛው አንቀጽ ተሰርዞ እንዲህ ይጻፍ፦ ዳማው መኪና ሳይፈታ፣ ከነሳሉ፣ ውስጡ ያለው የማንም ይሁን የማን ሳይጠየቅ፣ ለታናሽ ወንድሜ ይሁን። ልጄን ጠይቄያታለሁ፤ «አጎቴ ይውሰደው፣ እኔን እሑድ እሑድ ካንሸራሸረኝ ይበቃኛል» ብላለች። አይሸጥ፤ ለዓይን ብቻ ተብሎ በመስታወት ቤት አይቁም፤ ይነዳ። ብርድ በሆነ ጠዋት ሳል ሲይዘው ማስነሻውን አያስጨንቁት፤ ጥቂት ታግሠው ደግመው ይጠይቁት። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ሁለት መኪና በአንድ ጊዜ ልነዳ ነው?» አለኝ። አንዱን ለልጄ አስተምር፤ እርሷ ትዕግሥት አላት፣ ወደ እኔ ናት።

ከዚህ በፊት በቃልም ሆነ በጽሑፍ የተናዘዝኩት ነገር ቢገኝ በዚህ ተሽሯል። ስለ ቀብሬ የማዝዘው የለኝም፤ ብቻ አትቸኩሉ።

ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ቃሌ ነው። ፊርማዬ ቢጣመም የእኔው ነው።

ተናዛዡ፦ (ፈርመዋል)

አንደኛ ምስክር፣ ቀለም ቀቢዋ፦ (ፈርማለች)
ሁለተኛ ምስክር፣ ጎማ ጠጋኙ፦ (ክሪኩን ከታቀፈበት ሳያወርድ ፈርሟል)
ሦስተኛ ምስክር፣ ጸሐፊው፦ (ፈርሜያለሁ)
አራተኛ ምስክር፦ ብዕሩን ይዘው ብዙ ቆዩና ለእኔ መለሱልኝ። በሠፈራችን ልማድ ሦስት ምስክር ይበቃልና ኑዛዜው ይጸናል፤ ቦታው ባዶ የቀረው በስሕተት እንዳልሆነ ይታወቅ። ሊመሰክር የመጣው ወርሷል።