ከሙክትዎ ጋር ስለተቆለፈው የአምቡላንስ ቁልፍ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ክረምቱን በሰላም አሳልፎ ለአዲሱ ዓመት ያደረሰዎ አምላክ ሹመትዎንም ያዳብርልዎ፣ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። የበዓሉ ሙክት በመልካም ሁኔታ ቤትዎ ገብቶ በመልካም ሁኔታ መበላቱን ከጎረቤቶችዎ ሰምቼ ተደስቻለሁ። ሰው የደከመበትን ሲበላ ማየት ደስ ይላል፤ ለዚያ ሙክት ደግሞ ያልደከመ የከተማችን ሰው የለም።

እኔ ገበያው ዳር ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋው ረጀብ፣ አምና የካፖርትዎን እጅጌ ያሳጠርኩልዎ ሰው ነኝ። ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ ብዙ ሕዝብ የሚያስተዳድር ሹም አንድን ልብስ ሰፊ የማስታወስ ግዴታ የለበትም። ይህን ደብዳቤ ወደ ቢሮዎ ይዤ መምጣት ሲገባኝ በአደባባይ የጻፍኩት ደፍሬ አይደለም፤ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምባልና የስብሰባ ክብር መድፈር ስለማልወድ ነው። የመሥሪያ ቤትዎንም የከተማችንንም ስም ሳልጠራ የቀረሁት ለክብርዎ ብዬ ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በጳጉሜን፣ በመጨረሻው የገበያ ቀን፣ ባለቤቴ ሀናን የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ከንጋት ጀምሮ ምጥ ላይ ነበረች። የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ነርስ መሰረት መርምራት ስታበቃ ፊቷ ተለወጠና፣ ከእኛ አቅም በላይ ነው፣ አሁኑኑ መካነ ኢየሱስ ሆስፒታል ትድረስ፣ አምቡላንሱን ጥራልኝ አለችኝ። የሾፌሩን የታከለን ስልክ ብደውል ይጠራል እንጂ አይነሣም፤ ለካ ስልኩም መኪናው ውስጥ ተቆልፎ ኖሮ ጥሪዬን የሚሰማው ሙክትዎ ብቻ ነበር። እየሮጥኩ ስፈልግ አምቡላንሱን በግ ተራ ዳር አገኘሁት። ሞተሩ ይንደቀደቃል፤ በሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉ ከነተሰካበት ውስጥ ነው፤ ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ እርስዎ የገዙት ነጭ ሙክት ቆሞ ገበያውን ይመለከታል። ይህን ካልኩ ዘንድ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሙክቱን ከኋላ ካለው የሕሙማን አልጋ ላይ ሳይሆን ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ስላስቀመጡት አመሰግናለሁ። ለንጽሕና ያለዎትን ጥንቃቄ በየስብሰባው ሲናገሩ እንሰማ ነበር፤ በተግባር ያየነው ግን ያን ቀን ነው። በሽተኛ ሲተኛበት የበግ ጠጉር እንዳይነካው ማሰብ የታላቅ አእምሮ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ የአምቡላንሱ ባትሪ ከሞተ ብዙ ወር ሆኖት ሳለ በትዕግሥት ስለቆዩ አመሰግናለሁ። መኪናው አንዴ ከጠፋ ተገፍቶ ካልሆነ አይነሣም፤ ስለዚህ ታከለ የትም ቢቆም፣ ለቅሶ ቤትም ቢሄድ፣ ሞተሩን አያጠፋም። ያን ቀንም እርስዎ የገዟቸውን ዶሮዎች እንዲይዝልዎ ሲጠሩት እንደ ልማዱ ሳያጠፋ ወረደና በሩን ገፋ አደረገው። ሙክቱ ደግሞ ጌታው ወዴት እንደሄደ ሊያይ ወደ መስኮቱ ሲንጠራራ በሮቹን ሁሉ የሚዘጋውን መቆለፊያ በሰኮናው ተጫነው። በሙክቱ አልፈርድም፤ ያገኘውን ረገጠ፤ የመንግሥት ንብረት አያያዝ ሥልጠና አልወሰደም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሁለተኛው ቁልፍ። መለዋወጫው ቁልፍ የት አለ ብለን ታከለን ጠየቅነው። ቁልፍ እንዳይጠፋ ብለው እርስዎ ራስዎ ባስተላለፉት ጥብቅ ትእዛዝ ሁለቱም ቁልፎች በአንድ ቀለበት በሽቦ ታስረዋል። በእውነትም አልጠፉም። ሁለቱም ጎን ለጎን ተንጠልጥለው በመስታወቱ በኩል ገበያተኛው ሁሉ አይቷቸዋል።

አራተኛ፣ የሕዝብን ንብረት በጀግንነት ስለመጠበቅዎ። ሚስቴ መሞቷ ነው ብዬ እግርዎ ላይ ስወድቅ ቀና በል እንኳ ሳይሉኝ መኪናውን ይዞሩት ነበር። መምሬ ኃይለ ሚካኤል ከመንገድ ድንጋይ አንሥተው፣ «ልጄ፣ መስታወት ቢሰበር ምን ይጎዳል? ነፍስ ትቅደም እንጂ!» ቢሉ እርስዎ እጃቸውን ያዙና፣ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ኮሚቴ ሳይቀመጥ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ አንዲት ጠጠር እንደማትነካው አስታወቁ። ከኮሚቴው አባላት የሚበዙት ደብረ ታቦር ሥልጠና ላይ መሆናቸውንም አያይዘው አስረዱ። ደግሞም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው መከሩን። ክቡር ሆይ፣ ያን ምክር እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። ምጥ ግን ተረት አይሰማም።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለውን መቁጠር አልቻልኩም።

ወንድሜ ኢልያስ የቅሬአችንን፣ የመረዳጃ ማኅበራችንን ቃሬዛ አመጣ፤ ሀናንን አስተኝተን ተሸከምናት። እርስዎ ከትልቅ ከተማ ስለመጡ ምናልባት አያውቁት ይሆናል፤ በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ማን ነው፣ የማን ወገን ነው፣ እስላም ነው ክርስቲያን ነው ተብሎ አይጠየቅም። እህሉን ያልሸጠ ጆንያውን ለማያውቀው ሰው አደራ ብሎ ገባ፤ አህያውን የሚነዳ አህያውን ለቆ ገባ። መምሬ ኃይለ ሚካኤል ድንጋዩን ቢያስጥሏቸው መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው ከትተው የቃሬዛውን የፊት እንጨት ያዙ፤ ትከሻ የሚለውጣቸው እስኪገኝ ድረስም አልለቀቁም። በአጠገብዎ ስናልፍ ዶሮዎቹን በእጅዎ ይዘው ቆመው ነበር። ለመንገዱ ፈቀቅ ስላሉልን አመሰግናለሁ፤ ከመላው ገበያ እርስዎ ብቻ ነዎት ትከሻዎን ያልሰጡን።

መንገዱን ጭቃው ይዞት ነበር። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሀናን አልቻለችም፤ ቃሬዛውን አወረድን። ወንዶቹ ጀርባችንን ሰጠን፣ አማቴ አሲያ ነጠላዋን ዘርግታ ጋረደቻት፣ መሰረት ጭቃው ላይ ተንበርክካ አዋለደቻት። ሴት ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በቀጭኑ፣ ድምፅ አሰማች። ከዚያ ትንፋሿ እየራቀ ሄደ። መሰረት በአፏ እየተነፈሰችላት፣ ደረቷን በጣቷ እየነካካች ብዙ ታገለች፤ በመሐል ቀና ብላ ኦክስጅኑ መኪናው ውስጥ ነው አለች። ለማን እንደተናገረችው አላውቅም፤ ሁላችንም ሰማናት። የምንሰጣት ነገር አልነበረንም። ልጄ እናቷ ደረት ላይ እንዳለች አለፈች። ሀናንን ግን እነዚያ ትከሻዎች ሆስፒታል አደረሷት፤ ደሟም ቆመ፣ አልሐምዱሊላህ። ሕፃኗን ሹክሪያ ብለን ስም አውጥተን ቀበርናት።

እኛ ከሄድን በኋላ የሆነውን የነገረችኝ በአምቡላንሱ ፊት ለፊት ቆሎ የምትሸጠው ላቀች ናት። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ሲወጣ ሙክትዎ አረፋ መድፈቅ ጀመረ አሉ። አየር አነሰው፣ ሊሞት ነው ተባለ። ያን ጊዜ ዶሮዎቹን ጣሉ፤ መምሬ የጣሉትን ድንጋይ ራስዎ አነሡ፤ የሾፌሩን በር መስታወትም በአንድ ምት አደቀቁት። ኮሚቴ አልተቀመጠም። ቃለ ጉባኤ አልተያዘም። ሥልጠና የሄደ ሰውም አልተጠበቀም።

ታከለ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጥቶ እያነባ የቀረውን ጨመረልኝ። በሩ እንደተከፈተ፣ «ጌታዬ፣ አሁን ቃሬዛው ወንዙን ሳይሻገር ልድረስባቸው» ቢልዎ፣ መጀመሪያ በጉን ቤት አድርስና ውኃ ይጠጣ ብለው አዘዙት። አደረሰው። ውኃም ጠጣ። ከዚያ እኛን ሲከተል ሞተሩ ያን ሁሉ ጊዜ ቆሞ ሲንደቀደቅ ነዳጁን ጨርሶት ስለነበር ወንዙ ሳይደርስ ቆመ። እኔ በታከለ አልተቀየምኩም፤ አብረን አለቀስን። በእርስዎ ግን እንዳልተቀየምኩ አድርጌ መጻፍ ከዚህ በላይ አይቻለኝም። ልጄ አየር አነሳት፤ ሙክትዎም አየር አነሰው፤ ከሁለቱ ማን እንደሚተርፍ የመረጡት እርስዎ ነዎት። ተናድጃለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ስምዎን እየጠራሁ አድራለሁ።

ካሣ አልጠይቅም፤ ይቅርታ ይጠይቁኝም አልልም፤ ሁለቱም ኮሚቴ ያስፈልጋቸዋል። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ። ከእንግዲህ ምጥ የያዛት ሴት በዚያ መኪና አጠገብ ስትደርስ፣ እባክዎ፣ ለበዓል የገዟት በግ እንደሆነች አድርገው ይቁጠሩልን። ሰው ናት ብለው እንዲያስቡ አላስቸግርዎትም፤ እንደ በግ ካዩዋት ትተርፋለች።

ለሙክት ፈጥኖ ለሚደርሰው እጅዎና ለሰው ዘግይቶ ለሚጸናው ሕግዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ረጀብ፣ ልብስ ሰፊው፣ የሹክሪያ አባት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት አምቡላንሱ በሱቄ ፊት ሲያልፍ በሾፌሩ በር ላይ አዲስ መስታወት ገብቶለት አየሁ። እንኳን ደስ አለዎት። ከአሮጌውም ይልቅ ያበራል። ለካ መስታወት ይተካል።